ለአባቴ፦ ስለ ቀዩ ካሴት ባትሪ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የልጅ ልጅዎ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገብቷል፤ የወለቁት የፊት ጥርሶቹም በቅለውለታል። ጽሕፈቱ አምሮለታል፤ ፖስታው ላይ የእርስዎን ስም የጻፈው እሱ ነው። በደብዳቤ የምጽፍልዎት ከቡራዩ ስለራቅን አይደለም፤ ያንን ነገር በስልክ ባነሳሁብዎት ቁጥር «ድምፅሽ አይሰማም» ብለው ስለሚዘጉት ነው። እሱን ትንሽ ላቆየውና አስቀድሜ ስለ ጌም ካሴቶቹ ልንገርዎት።

ከእማማ አርባ በኋላ «አንቺ ውሰጂው» ያሉኝን የቆርቆሮ ሳጥን እስካለፈው ወር ድረስ ለመክፈት አልደፈርኩም ነበር። ከነጠላዎቿ ሥር ግራጫው ጌምቦይ፣ ያ በእጅ ተይዞ ጌም የሚጫወቱበት መሣሪያ፣ እና ሁለቱ ካሴቶች በጋዜጣ ተጠቅልለው አገኘኋቸው፤ ከጅቡቲ መስመር ሲመለሱ ያመጡልኝ ቀዩ የፖኬሞን ጨዋታና ቆይተው የጨመሩልኝ ወርቃማው። በ1994 ዓ.ም. ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስዘጋጅ «ፈተናሽን ስትጨርሺ እመልስልሻለሁ» ብለው ከእጄ የወሰዷቸው እነዚያው ናቸው። ፈተናው አለፈ፤ ውጤቴም ጥሩ ሆኖ መጣ፤ ካሴቶቹ ግን አልተመለሱም። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁዎት። ሦስተኛ ልጠይቅ ስል እማማ በዓይኗ ከለከለችኝ። ከዚያ በኋላ እርስዎን ብዙ ነገር ጠይቄ አላውቅም፤ ምክንያቱ ምን እንደሆነ ዛሬ ይወቁልኝ ብዬ ነው።

እንዲህ ያለ ካሴት ውስጥ ሁለት ዓይነት ማስታወሻ አለ። ጨዋታው ራሱ የተቀረጸበት ቺፕ መብራት ኖረ አልኖረ አይጠፋም። ተጫዋቹ የደረሰበት ቦታ፣ ያስገባው ስምና ያጠራቀመው ሁሉ የሚቀመጠው ግን በሌላ ቺፕ ላይ ነው፤ ይህኛው ኤሌክትሪክ ከተቋረጠበት ባዶ ይሆናል። ጌምቦዩ ሲበራ ከጌምቦዩ አራት ድንጋዮች ያገኛል፤ ሲጠፋ ደግሞ ቦርዱ ላይ የተበየደች፣ የሰዓት ባትሪ የምትመስል ባለ 3 ቮልት የሊቲየም ባትሪ ትረከባለች። ሳጥኑ በተቆለፈባቸው ዓመታት ሁሉ ያቺ ባትሪ ቀን ከሌት ሥራ ላይ ነበረች ማለት ነው። ስትዳከም ድምፅ አታሰማም፣ መብራት አታበራም፤ አንድ ቀን ጨዋታውን ሲከፍቱት «ቀጥል» የሚለው መስመር ከስክሪኑ ላይ ጠፍቶ ይገኛል።

የካሴቱ ብሎን በተራ ካቻቢቴ አይፈታም፤ የራሱ የሆነ ባለ 3.8 ሚሊሜትር መፍቻ አለው። በሱቄ ስላልነበረኝ የእስክሪብቶ ቀፎ ጫፍ በእሳት አለስልሼ ብሎኑ ላይ ተጫንኩትና እስኪቀዘቅዝ ያዝኩት። ፕላስቲኩ የብሎኑን ቅርጽ ያዘ፤ በቀስታ ሳዞረው ብሎኑ ትንሽ ሲጥ ብሎ ተፈታ።

መጀመሪያ የከፈትኩት ወርቃማውን ነበር። ባትሪው ላይ 2025 የሚል ቁጥር አለ፤ ስፋቷ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 2.5 ሚሊሜትር ማለት ነው። ቴስተር ሳስነካት 0.4 ቮልት አሳየችኝ። ወርቃማው ቀንና ሌሊትን የሚለይበት ሰዓት በውስጡ ስላለው ባትሪዋ የምትሸከመው ማስታወሻውን ብቻ ሳይሆን ያለማቋረጥ የሚቆጥረውን ሰዓትም ነው፤ ከሌሎቹ ቀድማ የምታልቀውም በዚህ ምክንያት ነው። በውስጡ የነበረኝ ሁሉ ጠፍቷል። አባባ፣ የዚያን ዕለት በጣም ተናደድኩብዎት። ዕድሜዬ ወደ አርባ እየተጠጋ ስለ ልጅነት መጫወቻ መናደድ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የተናደደችው ያቺ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፣ እሷም ቃል ተገብቶላት ነበር። በወቅቱ መልሰውልኝ ቢሆን ኖሮ ባትሪዋ ከማለቋ በፊት እቀይርላት ነበር።

ቀዩን ለመክፈት ሦስት ቀን ቆየሁ። የእሱ ባትሪ 2.8 ቮልት ላይ ነበረች፤ በሕይወት አለች ማለት ነው። አሮጌዋ ከቦርዱ በተነቀለች ቅጽበት ማስታወሻው ስለሚጠፋ በጥድፊያ የሚነካ ነገር አልነበረም። ጌምቦዩን እንዳበሩ፣ ቦርዱ ከእሱ ኤሌክትሪክ እያገኘ ባትሪውን የሚቀይሩ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን መበየጃው አንዴ ቢንሸራተት ሁሉም ያልቃል፣ ስለዚህ እኔ አልደፈርኩትም። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ትንሽ መሣሪያ እስኪመጣልኝ ጠብቄ፣ ማስታወሻውን አስቀድሜ ገልብጬ ሁለት ቦታ አስቀመጥኩት። አዲሷን ባትሪ ከመርካቶ የገዛሁት የብረት ጆሮዎቹ ከፋብሪካው የተያያዙላትን መርጬ ነው፤ መበየጃ በቀጥታ ባትሪ ላይ ካረፈ ሙቀቱ ሊያፈነዳት ይችላል። የአሮጌዋን ጆሮዎች አንድ በአንድ አሙቄ በወረንጦ አነሳሁ፤ በአዲሷ ላይ መደመሩንና መቀነሱን ሁለት ጊዜ አይቼ በየድኩ፤ በመጨረሻም የገለበጥኩትን መልሼ ጫንኩ። ልጄ አጠገቤ ቆሞ ትንፋሹን ይዞ ነበር።

ጌምቦዩን ሳበራው «ቀጥል» የሚለው መስመር ወጣ። ስሜ በላቲን ፊደል እንደጻፍኩት አለ። ከሥሩ ግን ስምንት ባጅ፣ ማለትም ዋና ዋና ተጋጣሚዎችን ያሸነፈ የሚያገኘው ምልክት፣ እና 74 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይላል። አባባ፣ እኔ ያን ካሴት ከእጄ ሲወስዱት ሦስት ባጅ ብቻ ነበር ያለኝ። አራተኛው እምቢ ብሎኝ በዚያ ሳምንት ያለቀስኩትን አልረሳሁትም።

ቁጭ ብዬ ብዙ አሰብኩ። እማማ በዚያ ዓመት «የትንሿ ሬዲዮ ድንጋይ እጅግ ቶሎ ያልቃል፣ ነጋዴው አሮጌ ነው የሚሸጥልን» እያለች የምታማርረው ትዝ አለኝ። ጋላፊ ላይ መኪናዎን አቁመው ወረፋ ሲጠብቁ ነው የተጫወቱት? ወይስ እኛ ከተኛን በኋላ ሳሎን ውስጥ? ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ቀዩ ካሴት የሚይዘው የአንድ ሰው ጨዋታ ብቻ ነው፤ እርስዎ በራስዎ ስም አዲስ ጀምረው ቢያስቀምጡ የእኔ ይደመሰስ ነበር። አልደመሰሱትም፤ በእኔ ስም ቀጠሉበት። ይህን ለሃያ ሦስት ዓመት ለምን እንዳልነገሩኝ አይገባኝም። ቢነግሩኝ አብረን እንጫወት ነበር። አመሰግናለሁ ለማለትም እቸገራለሁ፤ ግን አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ወደዚያ ነገር ልምጣ። በ2009 ዓ.ም. ከአንገት አጥንትዎ ሥር የተቀመጠልዎትም የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ (ፔስሜከር) የሚሠራው በሊቲየም ባትሪ ነው። እንደየሰዉ ልብ አሠራር ከ5 እስከ 15 ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ የእርስዎ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው። ከካሴቱ የሚለይበት ነገር ስላለ በጥንቃቄ ያንብቡልኝ፤ የካሴቱ ባትሪ ሲያልቅ ምልክት አይሰጥም፣ የእርስዎ ግን ከማለቁ ከወራት በፊት ያስታውቃል። ያንን የሚያነበው ግን በሐኪሙ እጅ ያለው መሣሪያ ነው፤ እርስዎ ካልሄዱ የሚያነብለት ሰው የለም። ሁለት ቀጠሮ አሳልፈዋል፤ ያለፈው ሲያመልጥ ካርዱን ትራስዎ ሥር አይቼዋለሁ። «ደረቴን ደግሞ እንዲከፍቱት አልፈልግም» ማለትዎንም ሰምቻለሁ። ደረት አይከፈትም። ባትሪው ለብቻው ስለማይቀየር መሣሪያው በሙሉ ይቀየራል፤ ወደ ልብ የሚገቡት ሽቦዎች ደህና ከሆኑ ባሉበት ይቆያሉ፤ ቆዳው የሚከፈተው በዚያው በቀድሞው ቦታ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚደነዝዘውም ያ ቦታ ብቻ ነው። ምናልባት ገና ጊዜ አለው ይሉን ይሆናል። እኔ የምፈልገው ቁጥሩን ማወቅ ነው። ስለ ገንዘቡ አያስቡ፤ የሱቁን ዕቁብ የወሰድኩት ለዚህ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት በርዎ ላይ እገኛለሁ። ባለታክሲውን አነጋግሬዋለሁ፤ በአውቶቡስ አንንገላታም። ካርዱንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በአንድ ፌስታል ያዘጋጁልኝ፤ የሚያነቡበትን መነጽርም አይርሱ። ተራ እስኪደርሰን ብዙ ሰዓት ስለምንቀመጥ ቀዩን ካሴትና ጌምቦዩን ይዤ እመጣለሁ፤ አራት አዲስ ድንጋይም ገዝቻለሁ። ሐኪሙ ክፍል ስንገባ ጌምቦዩን እኔ እይዘዋለሁ፤ በዚህ አይከራከሩኝ።

አንድ ነገር ብቻ ከዚያ በፊት ያስታውሱልኝ። ስምንቱን ባጅ ሰብስበው፣ ከመጨረሻዎቹ አራት ተጋጣሚዎች በር ላይ ደርሰው ነው ያቆሙት። የሬዲዮው ድንጋይ አልቆብዎት ነው፣ ወይስ እሱን ለእኔ ብለው ትተውት ነው?

ልጅዎ