ተራራው የእኛ፣ ልኬቱ የሌላ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ጎንደር

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፣

ሰሞኑን በአንባብያን ገጻችሁ ላይ፣ ሐኪም ቤቶቻችን ጓንት በሚቸግራቸው ዘመን ስለ ከዋክብትና ስለ ቅንጣቶች መመራመር የባለጸጋ አገሮች ቅንጦት ነው የሚል አስተያየት አንብቤአለሁ። ጸሐፊው የዘረዘሩት ችግር እውነት ስለሆነ በእሱ አልሟገታቸውም። ሐኪም ቤቱና ሰማዩ የማይገናኙ ጉዳዮች ናቸው በሚለው መነሻቸው ግን፣ በዚህ ከተማ ፊዚክስ ሳስተምር የኖርሁ ሰው በመሆኔ፣ ልስማማ አልቻልሁም። እኛ ባለንበት አገር ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር አለ፤ እሱም ከፍታ ነው።

በየዓመቱ አንድ ቀን ተማሪዎቼ መዳፋቸውን ዘርግተው ለአንድ ደቂቃ ጸጥ እንዲሉ አደርጋለሁ። ደቂቃዋ ስታበቃ፣ መቶ ያህል ሙዮን የተባሉ፣ ከአቶም ያነሱ ቅንጣቶች የእያንዳንዳቸውን መዳፍ ሰንጥቀው ወደ ወለሉ እንዳለፉ እነግራቸዋለሁ። በባሕር ጠለል ላይ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር በደቂቃ አንድ ሙዮን ያህል ያልፋል፤ ጎንደር 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የእኛ ድርሻ ከዚያ ይበልጣል። መነሻቸው ከሩቅ የሚመጡ፣ አብዛኞቹም በፈነዱ ከዋክብት ቅሪት ውስጥ ፍጥነት እንዳገኙ የሚታመንላቸው ፕሮቶኖች ናቸው፤ እነዚህ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከአየር ጋር ሲጋጩ ከግጭቱ ፍርስራሽ ሙዮን ይወለዳል። የሙዮን ዕድሜ በአማካይ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ሁለት ነጥብ ሁለት እጅ ብቻ ነው። በብርሃን ፍጥነት ቢጓዝ እንኳ በዚህ ዕድሜው 660 ሜትር ሳይሞላ ማለቅ ነበረበት። ታዲያ መዳፋችን ድረስ እንዴት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ከክፍሌ ጠፍቶ አያውቅም፤ እኔም የዓመቱን ትምህርት ከዚያ ጥያቄ ብጀምረው ደስ ይለኛል።

መልሱ አንስታይን ያስተማረው ነው፤ እጅግ ለሚፈጥን ነገር ጊዜ ይዘገይለታል። ይህን በሙዮን ላይ ለክተው ካሳዩት ቀዳሚዎቹ ጣልያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ብሩኖ ሮሲና ባልደረባው ዴቪድ ሆል ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተሙት ሥራ 1,616 ሜትር ላይ ባለችው በአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማና 3,240 ሜትር ላይ ባለው በኤኮ ሐይቅ የቆጠሩትን፣ በመንገድ ምን ያህል ሙዮን እንደሚጠፋ ለማየት፣ አነጻጽረዋል። እነዚህን ሁለት ከፍታዎች ለተማሪ በሰሌዳ ላይ በጻፍሁ ቁጥር ልቤ ወደ ደባርቅ መንገድ ይሄዳል። ከመተማ ቆላ፣ ከ800 ሜትር በታች ተነሥቶ፣ በጎንደር አልፎ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን ደባርቅን ረግጦ፣ በሰሜን ተራሮች ባለው ሳንቃ በር ላይ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚያደርሰው መንገድ ለዚህ ሙከራ ተብሎ የተጠረገ ይመስላል፤ የአውቶቡስ ትኬት የቆረጠ ሁሉ ይወጣዋል።

ሮሲ እኛንም ጭምር የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1933 መሣሪያውን ይዞ፣ ያኔ በጣልያን ቅኝ ግዛት ሥር ወደነበረችው አስመራ መጥቶ፣ 2,370 ሜትር ከፍታ ላይ ቅንጣት ቆጣሪዎቹን ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ እያዘነበለ እነዚያን ከሩቅ የሚመጡ ቅንጣቶች፣ ማለትም ኮስሚክ ጨረርን ለካ። ወደዚህ ያመጣው ከፍታው ብቻ ሳይሆን ለምድር ማግኔት ወገብ መቅረባችንም ነው፤ የማግኔቱ ኃይል የሚመጡትን ቅንጣቶች አቅጣጫ በግልጽ የሚለየው እዚህ ነውና። ከምዕራብ የሚመጣው በልጦ ስለተገኘ፣ ጨረሩ በአብዛኛው ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች መሆኑ ታወቀ። በሜክሲኮ የለኩ አሜሪካውያን በጥቂት ወራት ቢቀድሙትም፣ ሮሲ በዚያው በአስመራ ተራርቀው የተቀመጡ ቆጣሪዎች አንዳንዴ በአንድ ጊዜ ምልክት መስጠታቸውን አስተውሎ፣ ኋላ የአየር ካፊያ ለተባለው፣ ብዙ ቅንጣቶች በአንድ ጊዜ ለሚወርዱበት ክስተት የመጀመሪያውን ፍንጭ መዝግቧል። በቅንጣት ፊዚክስ ታሪክ ውስጥ የእኛ ደጋ እንዲህ ተጽፎ ሳለ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ይህን ሰምቶ የሚወጣ ተማሪ አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

ቆጣሪዎቹን ያስተባበረበት፣ እ.ኤ.አ. በ1930 የሠራው የኤሌክትሪክ ሰርኪዩትም ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። ሁሉም ቆጣሪዎች በአንድ ጊዜ ሲመቱ ብቻ ምልክት የሚሰጥ ነበር፤ «ይህም፣ ያም» የሚለው ይህ አሠራር ዛሬ በእያንዳንዱ ኮምፒውተርና ስልክ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ሐኪም ቤቱ ልመለስ፤ ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው። አምና ለሠርግ ደባርቅ በሄድሁበት ጊዜ ከጃናሞራ በእግሯ የመጣች አክስቴን አገኘኋት። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ ኪኒን አሳየችኝና፣ የሄደችበት ጤና ተቋም ደምሽ አንሷል ብሎ እንደሰጣት ነገረችኝ። «ልጄ፣ ደሜ ካነሰ ያን ዳገት የሚያወጣኝ ምንድን ነው?» አለችኝ። መድኃኒቷን እንድታቋርጥ አልነገርኋትም፤ ሐኪም አይደለሁም። ጥያቄዋ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ሳይንሳዊ ጥያቄ ነውና።

በ3,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ አይሞላም፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ይህን የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር፣ ከፍ ብሎ ነው። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢን ብዙም አይጨምርም፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት፣ ማለትም ኦክስጅን የጫነው የሄሞግሎቢናቸው ድርሻ፣ ግን ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ደግሞ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ፣ ከ14 እስከ 86 ዓመት የሆናቸው 236 ኢትዮጵያውያን ተመርምረው ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መልክ ታየ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም፣ ሙሌቱም 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው እምብዛም የማይለይ ማለት ነው።

የአክስቴ ጥያቄ እዚህ ላይ ይገባል። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት የደም ማነስ ወሰኑ 12 ግራም ነው። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው የዓለም የጤና ድርጅት ሠንጠረዥ፣ በከፍታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን ይጨምራል ከሚል መነሻ፣ በ3,500 ሜትር ላይ 2.7 ግራም በወሰኑ ላይ ያክል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ማሻሻያም ቁጥሮቹን ቢለውጥ ለከፍታ መደመሩን አልተወም። በቀድሞው ስሌት ወሰኑ 14.7 ይሆናል። የአገሩ ሴቶች አማካይ 15.0 ከሆነ፣ ከአማካዩ በጥቂት ዝቅ ያለች ጤነኛ ሴት ሁሉ ደም ያነሳት ተብላ ልትቆጠር ነው። በአንጻሩ ለከፍታ ምንም ሳይደመር ቢቀር በእርግጥ የታመመችውን እንዳናልፋት መፍራት ይገባል። ለደባርቅና ለጃናሞራ ትክክለኛው ወሰን የትኛው ነው? ይህን የድርጅቱ መቀመጫ በሆነችው በጄኔቫ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ አይመልሰውም። የሚመልሰው እዚሁ፣ ከቆላ እስከ ውርጭ፣ በብዙ ሰው ላይ ተደጋግሞ የሚሠራ ልኬት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው እንደሚከተለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያፈራ የኖረው የጎንደሩ የትምህርት ማዕከል፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የሕክምናም የፊዚክስም የኮምፒውተርም መምህራን አሉት። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አስከትለው፣ መተማን፣ ጎንደርን፣ ደባርቅንና ሳንቃ በርን የሚያያይዝ የከፍታ ልኬት ቢጀምሩ ምን ያግዳቸዋል? ተማሪ ራሱ ሊገጣጥመው የሚችለው የሙዮን ቆጣሪ ዕቃ መቶ የአሜሪካ ዶላር ገደማ ይፈጃል። በጣት ላይ ተቆንጥጦ የኦክስጅን ሙሌትን የሚለካውን ኦክሲሜትር ከኮሮና ዘመን ወዲህ የማያውቀው የለም። የደም ምርመራው ግን በባለሙያ እጅ፣ በሰዎቹ ፈቃድ የሚሠራ፣ ውጤቱም ለሰጪዎቹ በቋንቋቸው ተመልሶ የሚነገር መሆን አለበት፤ ደም ሰጥቶ ስለ ደሙ ምን እንደተጻፈ ሳይሰማ የሚቀር ሰው ሊኖር አይገባም።

የመረጃው ሥራ ያስቸግራል የሚለኝ ካለ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች አቧራ እንዳይነካቸው ተብሎ በካርቶናቸው እንዳሉ ሁለት ዓመት ተቆልፎባቸው አይቻለሁ። አጥተን ሳይሆን የምንሰጣቸው ሥራ ጠፍቶን ነው። የቆጣሪውን ምት በየሰዓቱ መዝግቦ ከአየሩ ግፊት ጋር ማስተያየት ለአንድ ተራ ኮምፒውተር ቀላል ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ልጅማ፣ 5,500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሮ ለ19 ሲያካፍል፣ ከቀሪው አንድ ቀንሶ ወንበሩን፣ ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 እየገደፈ አበቅቴውን ሲያወጣ የኖረ ስለሆነ፣ ለፕሮግራም አጻጻፍ ባዕድ አይሆንም። እንዲህ ካሉ ተማሪዎቼ መካከል ኮድ መጻፍ በጀመሩበት ሳምንት ጓደኞቻቸውን ማስረዳት የያዙ አጋጥመውኛል።

ዩኒቨርሲቲው ፈቃዱን ካሳየ፣ ለጎንደሩ ቆጣሪ የሚሆን መብራት ያለውና መቆለፊያው የሚሠራ አንድ ክፍል በትምህርት ቤታችን አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ንባቡን የሚወስዱ ስድስት ተማሪዎችም ስማቸውን አስመዝግበዋል። ወደ ደባርቅ የሚሄደውን ዕቃ በዕረፍት ጊዜዬ ራሴ ይዤ እወጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊዚክስ መምህር፣ ከጎንደር