ገደል ማሚቶ ፍለጋ፦ የሙዚቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

መስከረም ላይ ስንጀምር 31 ነበርን። ጥምቀት ሲያልፍ 14 ቀረን። ጥፋቱ የእኔ ነው። የሙዚቃ ክበብ ሲባል የመጡት ልጆች መዝፈን ነበር የፈለጉት። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ላይ ሙጭጭ አልኩ። አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። ጠብቅ አልኩት። ጠበቀ፣ ሙዚቃው አለቀ። በሚቀጥለው ሐሙስ ቮሊቦል ክበብ ተመዝግቦ አገኘሁት።

የመረጥነው ነገር ስሙ ረጅም ነው፦ ከጣሊያኖች የካውቦይ ፊልም የተቀዳ፣ ግማሹ ሰርፍ (የካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ የጊታር ሙዚቃ)፣ ግማሹ ካንትሪ (የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) የሆነ የመሣሪያ ሙዚቃ። ስሙን ባታውቁት ድምፁን ታውቁታላችሁ። አንድ ጊታር ብቻውን፣ ከባዶ ሜዳ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ይጮሃል። ከኋላው የፈረስ ኮቴ የሚመስል ምት ይከተላል። አንዳንዴ ፉጨት አለ። (እዚህ ዘገባ ውስጥ ያሉት የውጭ አገር ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የመጽሔቱ አዘጋጅ «እ.ኤ.አ. እያልክ ገጹን አትጨርስብኝ» ብላኛለች።)

የጀመርነው ከሁለት የክፍል ጓደኞች ነው። ሰርጂዮ ሊዮኔና ኤንዮ ሞሪኮኔ ሮም ውስጥ አንደኛ ደረጃን አንድ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ ተለያዩ። አንዱ ፊልም ሠሪ ሆነ፣ ሌላው ትራምፔት ነፊና የሙዚቃ ደራሲ። በ1964 የመጀመሪያ የካውቦይ ፊልማቸውን አብረው አወጡ። አሜሪካ ነው የተባለው በረሃ ስፔን ነው። እነዚያ ፊልሞች በብዛት የተቀረጹት አልሜሪያ አጠገብ ያለው የታቤርናስ ምድረ በዳ ላይ ነው። ገንዘቡም ትንሽ ነበር። የሆሊውድ ካውቦይ ሲጋልብ ሙሉ ኦርኬስትራ ይከተለዋል፤ ሞሪኮኔ እንደዚያ የሚያስደርግ በጀት አልነበረውም። ፉጨት፣ የጅራፍ ጩኸት፣ ደወልና የኤሌክትሪክ ጊታር አስገባ። የሚያፏጨውም ጊታሩን የሚጫወተውም አንድ ሰው ነበር፤ አሌሳንድሮ አሌሳንድሮኒ ይባላል።

የእኛም በጀት ዜሮ ስለሆነ ይሄ ታሪክ ልጆቹን ነካቸው። በሚቀጥለው ሳምንት አንዱ ለቡሄ ያጮኸበትን ጅራፍ ይዞ መጣ። ጅራፍ ወደ ትምህርት ቤት ለማስገባት ከምክትል ርዕሰ መምህሩ ጋር ያደረግሁትን ክርክር እዚህ አልጽፈውም። በመጨረሻ «ከክበቡ ሰዓት ውጪ መምህሩ ጠረጴዛ ውስጥ ተቆልፎበት» በሚል ተፈቀደ። ፉጨቱ የባሰ አስቸገረ። ግማሾቹ ልጆች ማፏጨት አይችሉም። የሚችሉትም ቤት ሲለማመዱ «ማታ ይፏጫል እንዴ? እባብ ልትጠራብን ነው?» ተብለው ተቆጥተዋል። ፉጨቱን ለዋሽንት ነፊያችን ሰጠናት። በእኔ ግምት ከፉጨቱ በልጧል፤ ግን የክበቡ ኃላፊ እኔ ስለሆንኩ ሚዛናዊ ዳኛ አይደለሁም።

ከጣሊያን ወደ ካሊፎርኒያ ዞርን። ሰርፍ በባሕር ሞገድ ላይ በጣውላ ከሚንሸራተቱ ወጣቶች ጋር የተወለደ ሙዚቃ ነው። ንጉሡ ዲክ ዴል ነው። ግራኝ ነበር። በቀኝ እጅ ለሚጫወት ሰው የተወጠረውን ጊታር ክሩን ሳይቀይር ገልብጦ ነው የተጫወተው። በ1962 ያወጣውን «ሚሲርሉ» አሰማሁና የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ሙዚቃ ነው ብዬ አብራራሁ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይሄንንማ አክስቴ ታንጎራጉረዋለች። ቤይሩት ስትሠራ የለመደችው ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ልጅቷ ልክ ነበረች። ዲክ ዴል በአባቱ ሊባኖሳዊ ነው። የቤተሰቡ ስም ሞንሱር ነው። ልጅ ሳለ አጎቱ ዑድ (የዓረቦች ባለ ክር መሣሪያ) ሲጫወት እየሰማ ነው ያደገው። ዜማው ራሱ የምሥራቅ ሜዲትራንያን ነው፤ በ1927 በግሪክኛ ሸክላ ላይ ተቀርጿል፣ ዓረቦቹም ይጫወቱታል። ስሙ «ግብፃዊቷ» ማለት ነው። ካሊፎርኒያ የጨመረችበት ፍጥነትና ጩኸት ነው። ልጅቷ የአክስቷን እንጉርጉሮ በስልክ ቀድታ አመጣችልን። ከዲክ ዴል አራት እጥፍ ይዘገያል፣ ያሳዝናልም። ከዚያ ቀን በኋላ «የአሜሪካ ነው» የምትል ቃል ከአፌ ስትወጣ ልጆቹ ወደ እሷ ይዞራሉ።

የክራር ተጫዋቹ ደግሞ «ይሄ አንቺሆዬ ነው» ብሎ፣ ከራሳችን ቅኝቶች አንዱ ነው ብሎ፣ ድርቅ አለ። አይደለም። ግን ለምን እንደመሰለው ይገባኛል፤ ሁለቱም ውስጥ እነዚያ ተጠጋግተው የሚቆረቁሩ ድምፆች አሉ። ክራሩ ላይ ሊጫወተው ሞከረ። ዜማው ሰባት ድምፅ ይፈልጋል፣ ክራሩ አምስት ነው ያለው። ስድስተኛዋ ክር የመጀመሪያዋን ነው የምትደግመው። ሦስት ሳምንት ክር ሲፈታና ሲያጠብቅ ከረመ። በመጨረሻ ግማሹን ዜማ እሱ፣ ግማሹን ጊታሩ እንዲጫወት ተስማማን።

የዓመቱ ዋና ጉዳይ ግን ገደል ማሚቶ ነበር። ይሄ ሙዚቃ ጊታር ብቻ ሲሆን ደረቅ ነው። ያንን የስፋት ስሜት የሚሰጠው ሪቨርብ፣ ማለትም ድምፁ እየተመላለሰ ሲያስተጋባ የሚሰማው ነገር ነው። ዛሬ በስልክም ይገኛል። ያኔ ግን ድምፁን የሆነ ቦታ ልኮ መመለስ ነበረበት። ጊታር የሚሠራው የፌንደር ኩባንያ በ1961 ያወጣው ሳጥን ውስጡ ስፕሪንግ ነው ያለው። የጊታሩ ድምፅ በስፕሪንጉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይወጣል። የፊዚክስ መምህሩ ከቤተ ሙከራ ረጅም ስፕሪንግ አዋሰን። አንዱን ጫፍ የወረቀት ኩባያ ቂጥ ላይ አሰርነው። ኩባያውን ጆሮ ላይ አድርጎ ስፕሪንጉን መታ ሲያደርጉት «ፒው!» ይላል፤ ልክ እንደ ፊልም የጨረር ጠመንጃ። ምክንያቱም ቀጭኑ ድምፅ ቀድሞ ይደርሳል፣ ወፍራሙ ይዘገያል። ያን ቀን ደወል ተደውሎም ማንም አልወጣም።

ከዚያ የዱዌን ኤዲን ታሪክ ነገርኳቸው። ምነው ባልነገርኳቸው! ዱዌን ኤዲ በ2024 ያረፈ የአሪዞና ጊታሪስት ነው። ዜማውን በቀጫጭኖቹ ሳይሆን በወፍራሞቹ ክሮች ይጫወት ነበር፤ የካንትሪው ጠረን ያለው እዚያ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ፊኒክስ ያለው ስቱዲዮ የማስተጋቢያ ክፍል አልነበረውም። ፕሮዲውሰሩ ሊ ሄዝልዉድ 2,000 ጋሎን፣ ማለትም 7,500 ሊትር ገደማ የሚይዝ የውሃ ታንከር ገዛ። በአንዱ ጫፍ ስፒከር፣ በሌላው ማይክ አደረገበት። ታንከሩ ደጅ ስለነበር ከመቅረጻቸው በፊት ላዩ ላይ የሚያርፉትን ወፎች ያባርሩ ነበር።

ልጆቹ ሁሉም አንድ ላይ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከንብረት ክፍል ጀርባ አንድ የተሰነጠቀ ሮቶ ወድቋል።

«ለሙዚቃ አገልግሎት የሚውል ሮቶ» የሚል የትብብር ደብዳቤ ጻፍኩ። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ሦስት ጊዜ አነበቡት። «ልጄ፣ ሮቶ ይዘፍናል?» አሉኝ። ፈረሙ። ሁለት ሐሙስ አጥበን፣ ሸረሪት አባርረን፣ ስፒከሩን አስገባን። ውጤቱ ደካማ ነው። ፕላስቲክ ድምፅ ይውጣል። የኤዲ ታንከር ብረት ነበር። የእኛ ጊታር በብርድ ልብስ ውስጥ የሚያስነጥስ ሰው መሰለ።

ማሚቶውን ያገኘነው በአጋጣሚ ነው። ስፒከሩን ወደ መጋዘን ስንመልስ የአዲሱ ሕንፃ ደረጃ ሥር አንዱ ልጅ ጅራፉን አጮኸ (ያልተፈቀደ ቦታ ነው፣ ተቀጥቷል)። ድምፁ አራተኛ ፎቅ ደርሶ ተመለሰ። ባዶ ኮንክሪት፣ ባዶ ግድግዳ! ቅዳሜ ጠዋት ስፒከሩን ምድር ቤት፣ ስልኩን ሦስተኛ ፎቅ አድርገን ቀረጽን። ቀረጻው መሃል ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ ይሰማል፤ ሸር፣ ሸር፣ ከምቱ ጋር ገጥሞ። ሁለተኛ ለመቅረጽ ተነሳን፤ ልጆቹ ግን አይጠፋም አሉ። ሞሪኮኔ ጅራፍ ካስገባ እኛ መጥረጊያ ብናስገባ ምን አለ? ሠራተኛዋን ጠይቀናቸው ፈቅደዋል። ስማቸውም ከተጫዋቾቹ ጋር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል።

የወላጆች ቀን ላይ ሦስት ሥራ አቀረብን። ሁለቱ ደህና ነበሩ። ሦስተኛው ላይ ጅራፉ አልጮህም አለ፤ አጮኺው አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያይ እጁ ተሳሰረ። ዋሽንቷ ግን አዳነችን።

በዓመቱ መጨረሻ የዛሬዎቹን ሰማን። ሄርማኖስ ጉቲዬሬዝ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ እናታቸው ኢኳዶራዊት፣ አባታቸው ስዊዘርላንዳዊ። ሁለት ጊታር ይዘው፣ ምንም ሳይዘፍኑ፣ በ2022 ያወጡት አልበም ርዕሱ ራሱ የሊዮኔን ፊልም ያስታውሳል። ከ14ቱ 11ዱ ከሰማነው ሁሉ ይሄንን መርጠዋል። የእኔ ምርጫ ያው ዱዌን ኤዲ ነው። በድምፅ ብልጫ ተሸንፌያለሁ።

የ2018 ምዝገባ በመስከረም የመጀመሪያው ሐሙስ ነው። የጊታሬ ስድስተኛ ክር ተበጥሷል፤ ትርፍ ያለው ወላጅ ቢተባበረን ደስ ይለናል። ንብረት ክፍል አንድ የብረት በርሜል ሊሰጠን ቃል ገብቷል። የሚቀመጠው ጣሪያው ሥር፣ እርግቦቹ የሚያርፉበት ጋ ስለሆነ፣ መጫወት የማይችል ግን እርግብ ማባረር የሚችል ተማሪም እንቀበላለን።