የስሜን ተራሮች ሥነ ቃልና ባህል ትምህርት ሆኖ ይሰጥ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡር ሚኒስትር፣

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘነው በተፈጥሮ ውበቱና በብርቅዬ እንስሳቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ዋልያ፣ ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ብዙ ተጠንቷል፤ መጠናቱም ተገቢ ነው። በዚያው ደጋ ገብስ እየዘራ፣ በውርጭ በግ እየጠበቀ የኖረው ሕዝብ የሚያንጎራጉረው፣ የሚያለቅሰውና የሚተርከው ግን በትምህርት ተቋሞቻችን የሚገባውን ቦታ አላገኘም።

ስሜን ለታሪካችንም ሆነ ለሥነ ጽሑፋችን ዳር አገር አይደለም። ትውፊቱ ቅዱስ ያሬድ የሕይወቱን ፍጻሜ ያሳለፈው በዚህ ተራራ እንደሆነ ይናገራል፤ የቤተ እስራኤል መሪዎች እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ አምባዎቹን ይዘው ከነገሥታቱ ጋር ተዋግተዋል፤ ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት ደረስጌ ማርያምም ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የደፉባት ናት። ተማሪው እነዚህን ስሞች ለፈተና ያጠናቸዋል፤ የአገሩ ሰው ስለ እነርሱ ምን እንደሚል ግን የሚጠይቀው የለም። ቀደምት ገዢዎች እንኳ የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ይሉ ነበር።

አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሳ። የለቅሶ ግጥም የምታወርድ አልቃሽ የሟቹን ስም፣ የአባቱን ሙያ፣ አልፎ አልፎም በጎረቤት መካከል ያደረ ቂም በሁለት ስንኝ ታስገባለች፤ ለቀስተኛው ሰሙን ሰምቶ ሲያለቅስ፣ ወርቁ የገባው ሰው አንገቱን ይደፋል። ይህን ግጥም በወረቀት ላይ ብቻ ያነበበ ተማሪ ግማሹን አጥቶታል፤ ማን አወረደችው፣ ለማን፣ ማን ተቀበላት የሚለው ካልተመዘገበ ወርቁ አይገኝም። ስለዚህ ሥነ ቃል ከቦታውና ከባለቤቱ ጋር መጠናት አለበት።

ጉዳዩን አስቸኳይ የሚያደርገው የቦታው መለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው በደባርቅ ሰፍረዋል። የዝውውሩ ተገቢነት ለሌላ ጊዜ ይቆይ፤ ነገር ግን የእረኛ እንጉርጉሮ ገደሉንና ግጦሹን በስም እየጠራ የሚሄድ በመሆኑ፣ በከተማ ዳር ለሚያድግ ልጅ የሚያስረዳው ካላገኘ ግጥሙ ፍቺ ያጣል። ከተራራው የወረዱት አረጋውያን ዛሬም እነዚያን ስሞች አንድ በአንድ ያውቃሉ።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ ለአካባቢው ቅርብ የሆኑት የደባርቅና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የስሜንን ባህልና ሥነ ቃል ከመስክ ሥራ ጋር ራሱን የቻለ ኮርስ አድርገው እንዲያስተምሩ እንዲያግዝ እጠይቃለሁ። የአገር ልብስ ለብሶ የሚጨፈርበት የባህል ቀን መልካም ነው፤ ጥናት ግን አይተካም። አልቃሾች፣ አዝማሪዎችና ሽማግሌዎች እንደ መምህር ተቆጥረው ተገቢው ክፍያ ይታሰብላቸው፤ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ቃል እኩል ይመዝገብ፤ የተቀረጸው ድምፅ ቅጂ በአካባቢው ትምህርት ቤቶች ይቀመጥ፤ ከተሰበሰበውም ለአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት የሚሆነው ይመረጥ። ለዚህ የሚያስፈልገው በጀት ከሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ዕቅድ ጋር እንዲታይልንና የተደረሰበት ውሳኔ በይፋ እንዲገለጽልን በትሕትና አመለክታለሁ።

ከአክብሮት ጋር