የጅማውን ሐኪም በአንድ ገጽ አትቁጠሩ

ለአዘጋጁ፣

ስለ አገራችን ቀዶ ሐኪሞች የምርምር ሥራ ባለፈው እሑድ ያወጣችሁትን ዘገባ ጅማ ውስጥ ያላነበበ የጤና ባለሙያ ያለ አይመስለኝም። የእኛው ሐኪም በሠንጠረዡ የመጨረሻ ረድፍ ላይ፣ የአንድ ተመራማሪ ጽሑፎች በሌሎች ምን ያህል እንደተጠቀሱ በሚመዝነው መለኪያ «ኤች ኢንዴክስ 4» ተብለው ተቀምጠዋል፤ ከሥሩም «ተፅዕኗቸው ውስን ነው» የሚል ፍርድ ታክሏል። ስማቸውን እኔ አልደግመውም፤ እናንተ የጻፋችሁት ይበቃል። የምጽፈው ስለዚያች 4 ቁጥር ነው።

ዘጋቢያችሁ ጎግል ስኮላር በተባለው የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ አንድ ገጽ ከፍተው ያዩትን ገልብጠዋል። የእኚህ ሐኪም ጽሑፎች ግን በአንድ ስም ሥር አልተሰበሰቡም። አንዱ ጆርናል የአባታቸውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዳል፣ ሌላው የአያታቸውን፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አጻጻፉ በየጊዜው ይለያያል። አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆኖ ተመዝግቧል ማለት ነው። የውጭ አገር ቅጽ ሞልቶ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያውቀውን ችግር ኢትዮጵያዊ ጋዜጠኛ እንዴት ያልፈዋል?

ኤች ኢንዴክስ የተባለው ይህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2005 በፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ የቀረበ ነው። አንድ ተመራማሪ 10 የሚያገኘው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ሲኖሩት ነው። ጽሑፎቹን ሦስት ቦታ ከፋፍሎ አንዱን ብቻ የቆጠረ ሰው ዝቅተኛ ቁጥር ማግኘቱ የማይቀር ነው። ሂርሽ ራሱ እኮ አንድ ቁጥር የአንድን ሰው ሥራ በግርድፉ ብቻ እንደሚያሳይ፣ ከዘርፍ ዘርፍም እንደሚለያይ በዚያው ጽሑፉ አስጠንቅቋል። ዘጋቢው መለኪያውን ሲወስዱ ማስጠንቀቂያውን ለምን ተዉት?

ሦስቱ ገጾች ቢደመሩም ሐኪማችን የመጀመሪያውን ረድፍ እንደማይደርሱበት አውቃለሁ። በዚያ ረድፍ ላይ ከተቆጠሩት ጽሑፎች መካከል በብዙ አገሮች የተካሄዱ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ስም የሰፈረባቸው ጥናቶች አሉ። ሥራው ትልቅ ነው፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን አንድ ጥቅስ በመጣ ቁጥር ለሁሉም እኩል ይመዘገብላቸዋል። የእኛው ሐኪም የሚጽፉት ስለ አንጀት መጠምዘዝ፣ ስለ እንቅርት፣ በታይፎይድ ስለሚበሳ አንጀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ ላንሴት የተባለው የሕክምና ጆርናል የዓለም አቀፍ ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን ሪፖርት እንዳመለከተው በዓመት ከሚደረጉት 313 ሚሊዮን ያህል ቀዶ ሕክምናዎች ውስጥ ድሃው የዓለም ሕዝብ አንድ ሦስተኛ የሚያገኘው 6 በመቶውን ብቻ ነው። ቀዶ ሕክምናው በጠፋበት ስለ ቀዶ ሕክምና የሚጽፈውም ጥቂት ነው፤ የሚጽፍ ከሌለ ደግሞ ማን ይጠቅሳል?

ጽሑፉን የሚያነበው ሌላ ነው። ከዳውሮ ወይም ከከፋ መንገድ ሲያንገላታው የመጣ ገበሬ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሌሊት ይደርሳል። እኔ የቀዶ ሕክምና መሣሪያውን ሳዘጋጅ ተረኛው ሪዚደንት (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) በስልኩ የሐኪማችንን ጽሑፍ ከፍቶ ያነባል፤ የጠቆረውን አንጀት ቆርጦ ወዲያው ይገጣጥመው ወይስ ጫፉን በሆዱ ግድግዳ በኩል ያውጣው? ያነበበውን ይዞ ይገባል። ሕመምተኛው ድኖ ወደ አገሩ ሲመለስ ይህ በየትኛውም የጥቅስ መዝገብ ላይ አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ ምርምር በቁጥር ሲመዘን ሊከበሩ የሚገባቸውን መርሆዎች የዘረዘረው የላይደን ማኒፌስቶ ለአካባቢ የሚጠቅም ምርምር ጥበቃ ይደረግለት ያለው በከንቱ አይደለም።

«በአገር ውስጥ መጽሔት የታተሙ» በሚል ያቃለላችኋቸው ጽሑፎችስ? ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ጆርናል ፐብሜድ በተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ ውስጥ ይገኛል፤ የትም አገር ያለ ሐኪም ፈልጎ ያነበዋል። ይህን ማጣራት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን «ከክልል የሚወጣው መረጃ ጥራቱ ያጠራጥራል» ያላችሁት ነው። ለእነዚያ ጽሑፎች የኦፕሬሽን መዝገቡን ገጽ በገጽ ያገላበጥነው፣ ካርድ ክፍል አቧራ ውስጥ ቆመን ካርድ የፈለግነው እኔና ባልደረቦቼ ነን። ከተረኝነት በኋላ፣ ያለ ክፍያ። ካርዱ የጠፋ ሕመምተኛ ከጥናቱ ይወጣል እንጂ በግምት አይሞላም፤ ሐኪሙ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቁም። ስማችን በደራሲነት አልሰፈረም፤ እሱን ለምደነዋል። ሥራችንን አይቶ የማያውቅ ሰው ጥራቱን ሲጠራጠርብን ግን ዝም አንልም። ለመሆኑ ማንን ጠይቃችሁ ነው? ሐኪሙን አላነጋገራችሁም፤ ከክፍሉም የተደወለለት ሰው የለም።

ሦስቱም ገጾች ተደምረው ትክክለኛው ቁጥር ይውጣ። ስለ መረጃ ጥራት የጻፋችሁትን አረፍተ ነገር ወይ በማስረጃ አስደግፉት ወይ አንሱት። ማስተካከያው ዘገባው በወጣበት በፊት ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይታተም።

የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ፣ ከጅማ