ለአዋሽ ፈንታሌ ተፈናቃይ ምን ይላክ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የአፋር ክልል ወረዳዎች የሆኑት አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ በርዕደ መሬት ሲናጡ ሕዝቡ እጁን ዘርግቷል። ለሚቀጥለው ጊዜ ግን አንዳንድ ነገር ቢታሰብበት።

ወፍራም ሹራብና ብርድ ልብስ ከመቆለል ሸራ ይቅደም፤ ቦታው ቆላ ነው። 4 በ6 ሜትር የሆነ አንድ ሸራ ለስድስት ሰው ጥላ ይሆናል። ገመዱና ካስማው ግን ሁሌ ይረሳል፤ ያለ እነርሱ ሸራው በመጀመሪያው ንፋስ ይቀደዳል። ስስ ላስቲክማ ፀሐዩ ራሱ ይጨርሰዋል።

ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል፤ ስድስት ሰው ላለበት ቤት 90 ሊትር፣ ማለትም አራት ተኩል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሆኑ ነው። ክዳን የሌለው ጀሪካን አትላኩ። የውኃ ማከሚያ ክሎሪን አብሮ ከተላከ፣ የደፈረሰው ውኃ አስቀድሞ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል፤ ቆሻሻው ክሎሪኑን ያዳክመዋል። ከዚያ ማከሚያው ተጨምሮበት 30 ደቂቃ ይቆይ።

እህል ሳይሆን ዱቄት ይሁን፤ መጠለያ አጠገብ ወፍጮ ከየት ይመጣል? አርብቶ አደሩ ደግሞ ከብቱን ይዞ ነው የሚሰደድ፤ የታሰረ ድርቆሽ የጫነ መኪና ከዱቄቱ እኩል ይጠቅመዋል።