ሐኪም ሳያየው ዐይንሽን ኩል እንዳታስነኪው

ልጄ፣ የዐይኔ ብርሃን፣

የአክስትሽ ልጅ ደውላ ግራ ዐይንሽ ቀልቶ ብርሃን መፍራት እንደ ጀመረ፣ አብረውሽ የሚኖሩት ሴቶችም «ዐይን ነው» ብለው ከገበያ የተገዛ ጥቁር ኩል እንደ ሰጡሽ ነገረችኝ። ሐኪም ሳያየው ኩል እንዳታስነኪው፤ እርሳስ ያለበት ኩል አለ።

ሴቶቹ ያሉሽን ከራሳቸው አላመጡትም። ያለሽበት አገር ቋንቋ፣ ዐረብኛው፣ የምናይበትንም፣ ሰው የሚጎዳውንም ክፉ ዐይን፣ ምንጩንም፣ ሰላዩንም በአንድ ቃል «ዐይን» ይላል። ቃሉ የእኛም ነው፤ በአልፋው «አ» ስትጽፊው በቀይ እስክሪብቶ አርምሽ የነበረው ለዚህ ነው። ዐይኑ «ዐ» በሳባውያን ጽሕፈት ክብ ነው፤ ትግራይ፣ የሃ የወሰድሁሽ ጊዜ ድንጋዩ ላይ አይተሽ «ቀለበት» ያልሽው እርሱ ነበር።

ሪያድ ያለችበት ምድር ጥንት የማማ ይባል ነበር። የዚያ ምድር ሴት ዘርቃእ የሦስት ቀን መንገድ አሻግራ ታይ ነበር ይላሉ። ጠላት በዛፍ ቅርንጫፍ ተከልሎ ሲገሠግሥ «ዛፎች ሲሄዱ አያለሁ» ብላ ወገኖቿን ብታስጠነቅቅ ጃጅታለች አሏት። አገሩ ሲወድቅ ጠላት ዐይኗን አወጣው፤ ጅማቱም ኩል ጠጥቶ ጠቁሮ ተገኘ ይባላል።

እኔም እንደዚያ ወገን ነኝ። አያትሽ አንድ ማታ «በኩራዙ ዙሪያ ቀስተ ደመና ይታየኛል» ብትለኝ «ጭሱ ነው» ብያት የተማሪ ደብተር ወደማረም ተመለስሁ። ዓመት ሳይሞላ ሐኪሙ የዐይኗ ነርቭ ሞቷል፣ የጠፋው አይመለስም አለን። ከዚያ ወዲያ በሳሌ ነበር የምታውቀኝ። በየመን፣ በጥንታዊቷ ከተማ በቲምና መካነ መቃብር የተገኙት የአልባስጥሮስ ራሶች ዐይናቸው ተቦርቡሮ በሌላ ቀለም ይሞላ ነበር፤ ሙሊቱ ከብዙዎቹ ወልቋል። ፎቶግራፋቸውን በመጽሐፍ ባየሁ ቁጥር ገጹን ቶሎ እገልጣለሁ።

ስለዚህ ልጄ፣ ኩሉን ጣይው። በእጅሽ አትሺው፤ ፎጣሽንም ለብቻ አድርጊ። ነገ ጠዋት ለማዳምሽ «ዐይኒ ትዎጅዕኒ»፣ ዐይኔን ያመኛል፣ በያት፤ የመጀመሪያውን ቃል ከእኔ ተምረሽዋል። ኢቃማሽን፣ የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ ይዘሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። እስከዚያ ኩል እንዳታስነኪው።

ሐኪሙ ያለሽን ማታውኑ በድምፅ ላኪልኝ፤ የስልኩ ፊደል ከደበዘዘብኝ ሰነባብቷል።

አባትሽ