ስምንት ሺህ ብሩን አትክፈሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ፍሬሽማን ጨርሳ ሕክምና ደርሷታል። ቤቱ በእልልታ ቀልጧል። ባለፈው እሁድ ቡና እየጠጣን እህቴ ስልኳን አምጥታ አንድ የቴሌግራም ማስታወቂያ አሳየችኝ። ሕክምና ለሚገቡ ተማሪዎች የክረምት ትምህርት፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ (የሰውነት አወቃቀርና አሠራር) በሁለት ወር፣ ክፍያ 8,000 ብር። «ምን ትላለህ፣ እንክፈል?» አለችኝ። ሐኪሙ እኔ ነኝ፣ መልሱ ከእኔ ይጠበቃል። አትክፈሉ አልኩ። ከዚያ በኋላ ቡናው አልጣመንም።

ስስታም ሆኜ አይደለም። እኔ ራሴ አድርጌው ስላየሁት ነው። በእኛ ጊዜ ሕክምና የሚገባው ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ነበር። ከሰፈራችን ልጅ ፎቶኮፒ ሃንድአውት ተውሼ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ፣ እኩዮቼ ኳስ ሲጫወቱ እኔ ከሰኔ እስከ ጳጉሜ ስሸመድድ ከረምኩ። 206ቱን አጥንቶች በስም፣ 12ቱን የጭንቅላት ነርቮች በተራ ቁጥር። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ ታወራልኝ ነበር።

የመጀመሪያው የላብራቶሪ ቀን ደረሰ። ሬሳው እንዳይበሰብስ የሚደረግበት ፎርማሊን ዓይን ያቃጥላል። መምህራችን ቀጠን ጎበጥ ያለች አንድ አጥንት መዳፌ ላይ አኖረልኝና «ምንድን ነው?» አለኝ። ክላቪክል፣ ከደረት እስከ ትከሻ የሚጋደመው አጥንት፣ አልኩ ኮራ ብዬ። «የቀኝ ነው የግራ?» ዝም። አገላበጥኩት። ደግሜ አገላበጥኩት። ስሙን እንጂ አጥንቱን አላውቀውም ነበር ለካ። አጠገቤ የቆመችው ልጅ ክረምቱን እናቷን ሱቅ ስታግዝ ነው የከረመችው፣ ሃንድአውት የሚባል አላየችም። ወፈር ያለው ጫፍ ወደ ደረት፣ ጠፍጣፋው ወደ ትከሻ፣ ደረት በኩል ያለው ጉብታ ወደ ፊት፣ ለስላሳው ገጽ ወደ ላይ እንደሚዞር መምህሩ አንዴ ሲነግረን አጥንቱን ተቀብላ ራሷ ላይ ለካችው፣ አለቀ። እኔ ሦስት ወር የለፋሁበት ነገር እሷ ጋ ሁለት ደቂቃ ፈጀ።

ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው ድምፆችን እየሸመደደ ምን ያህል ቶሎ እንደሚረሳቸው በራሱ ላይ ለክቶ፣ ውጤቱን በ1885 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ሬሳም በሽተኛም አይቶ ለማያውቅ ልጅ የነርቭ ቅርንጫፎች የላቲን ስም ከእነዚያ ድምፆች በምን ይለያል? በዚያ ላይ ሥርዓተ ትምህርቱ አንዱ ቦታ በትምህርት ዓይነት፣ ሌላው ቦታ በአካል ክፍል የተደራጀ ነው። ልጅቷ ነሐሴ ላይ ስለ ኩላሊት ስታጠና ከርማ ዩኒቨርሲቲዋ በእጅና በእግር ሊጀምርላት ይችላል።

ታዲያ ዝም ብላ ትቀመጥ ወይ? አላልኩም። የቃላቱን ሥር ትያዝ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ኔፍሮ ካለ ኩላሊት ነው፣ ሄፓቶ ጉበት፣ መጨረሻው ላይ «አይቲስ» ከመጣ ብግነት አለ። እንዲህ ያለው ነገር የትም ብትመደብ ይሠራል። የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂዋ ከላላ ስለ ሴል የሚያወራውን ምዕራፍ መልሳ ታንብበው። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚከብዳት ከሆነ ደግሞ የፈለገችውን፣ የኳስ ዜናም ቢሆን፣ በየቀኑ ታንብብ፤ ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚወድቀው በሕክምናው ሳይሆን ገጹን አንብቦ መጨረስ አቅቶት ነው። ሌላው፣ አንብቦ ደብተሩን መዝጋትና ያስታወሱትን ባዶ ወረቀት ላይ መጻፍ ትልመድ። ያኔ ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ወይ ነዶ፣ ፒሲ ዋንን፣ የሕክምናውን የመጀመሪያ ዓመት፣ እንደዚያ እየተንገዳገድኩ አላልፍም ነበር።

ከዚያ የተረፈው ጊዜ የእንቅልፍ ነው። አያቷ ጋ ገጠር ትሂድ፣ እሸት ትብላ። ክሊኒካል፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ እያዩ የሚማሩበት ጊዜ፣ ከተገባ በኋላ ዱቲ የሚሉት ተረኝነት አለ፣ የክረምት ዕረፍት የሚባለው ነገር በስም ብቻ ይቀራል።

ብሩ ላፕቶፕ መግዣው ላይ ይጨመር ተብሎ ተወስኗል። ልጅቷ ደስ ብሏታል። እናቷ ግን ይኸው ሳምንት ሆናት፣ ስደውልላት ስልኩን አንስታ ለልጅቷ ትሰጣታለች።

ጠቅላላ ሐኪም፣ የዘወትር አንባቢያችሁ